በስልክ የሰፋኋት ሙዳይ

የልጅ ልጄ ስልኳን ካስቀመጠች እኔ ሽማግሌው ሌባ አነሳለሁ። ውስጡ የጃፓን ጌም አለ፤ ዓይኗ የፊቷን እኩሌታ የያዘ ሚጢጢ ልጅ ሣር ትለቅማለች፣ በቀለም ትነክራለች፣ ሙዳይ ትሰፋለች። ብታበላሽም እየሳቀች እንደገና ትጀምራለች። የልጅ ልጄና ጓደኞቿ፣ ወንዶቹም ጭምር፣ ቆቦ ካፌ ተቀምጠው የሠሩትን አንዱ ለሌላው ያሳያል። ማንም በማንም አይስቅም።

ዛሬ ቀይና አረንጓዴው ሣር ስክሪኑ ላይ ሲደረደር የአክስቴ የዘሀራ እርጥብ አለላ ሸተተኝ። ልጅ ነበርኩ። ዋጃ ባለው ቤቷ ውስጥ፣ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ወስፌዋን አንስቼ ጅምር ሙዳይዋን አንድ ዙር ሰፋሁላት። ተመልሳ አገላብጣ አየችው።

«ወላሂ፣ ከእኔ እጅ ያንተ ያምራል» አለች። ወዲያው ግን ወስፌውን ነጠቀችኝ። «ተነስ አንተ! ወንድ ልጅ ሆነህ ስፌት ይዘህ ሰው ቢያይህ፣ ሴት ልጁን ማን ይሰጥሃል?»

ሚስትስ አላጣሁም፤ ስፌት የማትችል ሆነች እንጂ።

ይህን ሳስብ የልጅ ልጄ ከኋላዬ ደረሰች። «አባባ፣ እንዲህ ከወደድከው አለላ ከገበያ ላምጣልህና እውነተኛውን ስፋ!»

«ቀስ በይ» አልኳት ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ፣ «ሰው ይሰማል።»