ጥቁር እምቢ ያለው ጸጉር

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የሱቅ ታፔላ ሲጽፍ ኖሮ፣ ወደ ስልሳው ሲጠጋ የሰው ፊት በዘይት ቀለም መሳል ልማር ብሎ ተነሣ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀበት፤ ሰው ደግሞ መሳቅ ሲወድ! እሱ ምን ደንታው። ሚስቱ ልጃቸውን በወለደች በሳምንቷ ነው የሞተችው፤ አንዲት ፎቶ እንኳ የላትም። ልጅቱ ሠላሳ ሊሞላት ነው፣ የእናቷን መልክ ግን አታውቅም። እሱም እየረሳው ነው። "ከነጭራሹ ሳይጠፋብኝ ላውጣላት" አለ፤ በቃ።

አስተማሪው በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሠዓሊ ናት። መጀመሪያ ያስጣለችው ፊቱን በጥቁር መስመር መክበቡን ነበር። "አባባ፣ የሰው ፊት እኮ ታፔላ አይደለም!" ቀለሙን በስሱ እየደራረበ፣ ጥላና ብርሃኑን እያለሳለሰ ለመደ። አፍንጫዋ መጣ። አገጯ መጣ። ከንፈሯ የመጣ ቀን ብሩሹን አስቀምጦ አለቀሰ።

ጸጉሯ ግን አስቸገረው። በሃያ አራት ዓመቷ የሞተች ሴት፣ ጸጉሯ ከሰል ነበር። አጥቁሮ ቀብቶት ይሄዳል፤ በማግስቱ ሲመጣ ከግራ ጆሮዋ በላይ ሽበት ብቅ ብሏል። ደግሞ ይቀባል፣ ደግሞ ይወጣል። ሰውነቱን ውርር አደረገው። "ማነው የሚነካካብኝ?" ብሎ የሚስልበትን ክፍል በቁልፍ ዘጋ፤ ሽበቱ ግን ቁልፍ መች ያግደዋል።

"ማንም አልነካብዎትም" አለችው ሠዓሊዋ። "ከሥር ያለው ነጭ ሳይደርቅ ጥቁር እየደረቡበት ነው። የታፔላ ቀለም ባንድ ቀን ይደርቃል፤ ይሄ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።"

እዚያ ቦታ ነጭ መቀባቱን ባያስታውስም እፎይ አለ። ወር ሙሉ ጠብቆ ቀባው፤ ጥቁሩ ያዘ። ይሄኔ ልጁን ጠራት።

ልጅቱ ሸራው ፊት ቆማ አየችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"ምነው የኔ ልጅ፣ አላማረችም እንዴ?"

"ይቺ… ስታመም አጠገቤ የምትቀመጠው ሴትዮ ናት" አለች ቀስ ብላ። "ልጅ ሆኜ ስነግርህ ሕልም ነው አልከኝ። አምና ሲያተኩሰኝም መጥታ ነበር።" ጣቷን ወደ ሥዕሉ ግራ ጆሮ አስጠጋች። "ግን አባዬ፣ እዚህ ጋ ሸብታለች እኮ። ለምን አጠቆርከው?"