ነጠላው የወደቀበት ፊልም

ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ የናፍጣው ጭስ ከትኩስ ዱቄት ሽታ ጋር ሲቀላቀል ተራዬን ለኋለኛዋ እለቃለሁ። ሌሎቹ ሴቶች ያወራሉ፣ ይጎሻሸማሉ፤ እኔ ጆንያዬ ላይ ቁጭ ብዬ ዝም እላለሁ። ዝምታ ድሮም ልማዴ ስለሆነ ማንም ምን ሆንሽ አይለኝም። አንቺ ግን ጠየቅሽኝ፤ እንግዲያው ልንገርሽ።

ያ ሽታ የእርዳታው መጋዘን ሽታ ነው። የረሃቡ ክፉ ቀን አልፎ፣ ንጉሡ ወርደው፣ ዘማች ተማሪዎች ከተማችን መካነ ሰላም የገቡበት ዓመት ነበር። እህሉ አልቆ መጋዘኑ ባዶውን ቀርቷል፤ ግን በቆርቆሮው ግድግዳ ሥር የዱቄት ብናኝ እንደ አመዳይ ተኝቶ ነበር፣ ሲረግጡት ይነሳል። አንድ የገበያ ቀን ከደሴ መኪና መጣ። የመብራት ሞተርና የፊልም ማሽን አወረዱ፣ ሰፊ አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ወጠሩ፣ መስኮቶቹን በእርዳታ ብርድ ልብስ ሸፈኑ። ፊልም ይታያል ተባለ። ገና ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ቤት አጨልሞ መቀመጥ፣ ለእኛ ይሄም አንድ ጉድ ነበር።

እኔ ያኔ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ያቋረጥኩት በዚያው ዓመት ነው። አባታችን መጠለያ ውስጥ በተስቦ ሞቶ እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ ነበር። ወንድሜ ደግሞ በፖሊስ ይፈለግ ነበር።

ወንድሜ በበቅሎ ይነግድ ነበር። ኋላ ዝናብ መንገዱን ሲቆርጠው ከአቀስታ የእርዳታ ዕቃ የሚያመላልሰው እሱ ሆነ። አባታችን ሲሞት የተስቦው መድኃኒት በመጠለያው ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ደሴ ሄዷል ተባለ። ከዚያ በኋላ ወንድሜ የሚጭነውን ሣጥን መክፈት ጀመረ። እንክብሉን በኮርቻው ጭድ ውስጥ ወሽቆ እስከ ከላላ ገበያ ድረስ ይወስደዋል። ለአንዱ ሰጠ፣ ለአንዱ ሸጠ። ቅዱስ ነበር አልልሽም። የዳኑበት ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ለእናቴ እንጨት ያወርዱላታል።

ሲደረስበት የአባቴን ጠመንጃ ይዞ ወደ አባይ ቆላ ወረደ። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ አንድ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ከሌላ አገር የመጣ፣ አጭር፣ ደጋው ያልተስማማው፣ ሁልጊዜ የሚያስል ሰው። ገበያ መሃል ቆሞ ሲናገር እኔም እናቴም ነበርን።

«ልጁ መሣሪያ ይዟል። እጁን ከሰጠ ሰጠ። ካልሰጠ ሬሳውን ነው የማመጣው፤ እናቱ ትስማ!»

እናቴ ሰማች። ያን ቀን ቤት ገብታ እሳት አላነደደችም።

ታዲያ ፊልም ለማየት ምን ወሰዳችሁ ትይኝ ይሆናል። የቀበሌው ሰው ቤት ለቤት እየዞረ «ሁሉም ይምጣ፣ የቀረ አድኃሪ ነው» ስላለ ሄድን። ሃምሳ አለቃው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። እኛ ከኋላ መሬት ላይ ተቀመጥን። ሞተሩ ውጭ ይንደቀደቃል፣ ብርድ ልብሱ ቀዳዳ ባለበት የፀሐይ ክር ይገባል፤ ክሩ ውስጥ ዱቄቱ ይንሳፈፋል።

ፊልሙ የነጮች አገር ነው፣ ጥቁርና ነጭ። ከዘማቾቹ አንዱ፣ መነጽር ያደረገ ቀጭን ተማሪ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ ይተረጉምልናል። ሰዎቹ የሚያሰክር ዕፅ በመርከብ ያስገባሉ፤ ፖሊስ ይከታተላቸዋል፤ ነገሩ ይሄው ነው። ሁሉም ባርኔጣ አድርገዋል፣ ሁሉም ያጨሳሉ፤ ማን ሌባ ማን ፖሊስ እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደብን። ከሁሉ የገረመን ግን ዝናቡ ነበር። ፊልሙ ሙሉ ይዘንባል። በመንገዱ ላይ ይወርዳል፣ በመስኮቱ ላይ ይወርዳል፣ ሰዎቹ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት በመሃሉ ይሄዳሉ።

ከአጠገባችን የተቀመጡ አንድ የሰፈራችን አዛውንት መቻል አቃታቸው። «አጀብ ነው!» አሉ። «እንዲህ እየዘነበላቸው ምን ጎድሏቸው ነው የሚሰርቁት?»

ሰው ሳቀ። ሃምሳ አለቃውም ሲስቅ ትከሻው ተነቃነቀ፤ ከዚያ ሳሉ ያዘው።

ቀጥሎ ፖሊሱ አንድ ሣጥን ሰብሮ ከውስጡ ከረጢት አወጣና በቢላ ቀደደው። ነጭ ዱቄት ተንዠቅዥቆ መሬት ላይ ፈሰሰ። መጋዘኑ ሙሉ ሰው በአንድ አፍ «ውይ!» አለ። አንዲት ሴት ተንሰቀሰቀች።

ተማሪው ደነገጠ። «እናቶች፣ የሚበላ አይደለም! መርዝ ነው!»

«ቢሆንም መሬት ላይ!» አለች ሴትዮዋ።

በመጨረሻ ከሌቦቹ አንዱ ብቻውን ቀረ። ወጣት ነው፣ ኮቱ በዝናብ ርሶ ገላው ላይ ተጣብቋል። አንድ ደረጃ ወጣ፣ በር ተዘጋበት፤ ሌላ ደረጃ ወጣ፣ መሄጃ አጣ። ፖሊሱ ከታች ሽጉጡን ደገነ። ሙዚቃው ዝም አለ። ተማሪውም መተርጎሙን ተወ፤ ትርጉም የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም።

ያኔ ነው እናቴ ከጎኔ የተነሳችው። ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፣ አልደረስኩባትም። በተቀመጠው ሰው መሃል እየተራመደች ወደ ፊት ሄደች። ብርሃኑ ውስጥ ስትገባ ጥላዋ አቡጀዲው ላይ ወድቆ ደረጃውንም ፖሊሱንም ሸፈነ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ መሬት ላይ አነጠፈችና ጀርባዋን ለአቡጀዲው ሰጥታ ወደ እኛ ዞረች።

«በቃ! ይብቃችሁ!» አለች። «ስለ ማርያም፣ ስለ ነቢ ብላችሁ! እናት አለችው!»

በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ሲጋደሉ ሴት ነጠላዋን መሃላቸው ከጣለች የሚረግጠው የለም። ነጠላውን የሚያነሳው የተቆጣው ሰው ነው። አነሳው ማለት ለልመናው እሺ አለ ማለት ነው። እስኪያነሳው ድረስ ግን ማንም እንደ ቆመ ነው፣ ማንም አይንቀሳቀስም።

ዘማቾቹ ሳቁ። ልጆች ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። እኔ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። የሰፈራችን ሰው ግን አልሳቀም። አዛውንቱ ተነስተው በዱላቸው ወደ ማሽኑ አመለከቱ።

«አቁመው አንተ ልጅ! ነጠላ ወድቋል!»

«አባባ፣ ፊልም እኮ ነው» አለ የማሽኑ ሰው።

«ፊልምም ቢሆን! ነጠላ ወድቋል እያልኩህ!»

ማሽኑ ግን ወዲያው የሚቆም አልነበረም። ተኩሱ ጮኸ። ከእናቴ ጭንቅላት በላይ ወጣቱ ከደረጃው ሲንከባለል አየሁት፤ ታች ወርዶ ዝናቡ ውስጥ ተዘረጋ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበር አላየችውም። ከዚያ ማሽኑ ተንጣጥቶ ቆመ፤ አንድ ሰው ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ላይ ገፈፈው፣ ብርሃን ገባ።

እናቴ የተላጨ ጭንቅላቷን ይዛ፣ በተጣፈ ቀሚሷ ቆማ ታየች። ዘማቾቹም መሳቃቸውን ተዉ። የማን እናት እንደሆነች ያላወቀ አልነበረም። ዓይኗ ያለው ፊት ለፊት በተቀመጠው ሰው ላይ ነው፤ ነጠላው በሁለቱ መሃል ዱቄቱ ውስጥ ተዘርግቷል።

ሃምሳ አለቃው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አገላበጠው። አሳለ። ሊወጣም ይችል ነበር፤ በሩ በስተግራው ነው፣ ዞሮ መሄድ ነበር። ከዚያ እንደ ደከመ ሰው ወንበሩን ተደግፎ ተነሳ፣ ጎንበስ ብሎ ነጠላውን አነሳ፣ ዱቄቱን አራገፈው። ሄዶ በትከሻዋ ላይ አደረገላት።

«ይልበሱ እማማ» አለ። «ብርድ ነው።»

ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አዛውንቱ ግን ወደ ሕዝቡ ዞረው «አነሳ! አያችሁ አይደል? አነሳ!» እያሉ ሁሉንም ምስክር አደረጉ።

በነጋው ሃምሳ አለቃው አዛውንቱን በበቅሎ አስቀምጦ ወደ ቆላው ወረደ። ሌሎች ፖሊሶች አልተከተሉትም። ስንት ቀን እንደቆዩ አላስታውስም፤ ያን ጊዜ በቤታችን ቀኑ ከሌቱ አይለይም ነበር። ሲመለሱ ወንድሜ በእግሩ ይሄዳል። ከስቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፤ እጁ ከፊት ታስሯል፤ ግን ይሄዳል። ሃምሳ አለቃው የአባቴን ጠመንጃ አንግቶ ከጎኑ ነው። እናቴ ደጃፍ ላይ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች።

ጣቢያ ታስሮ ሳለ ስንቅ የማመላልስለት እኔ ነበርኩ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ጠባቂዎቹ ይቀልዱብኛል፤ «ዛሬስ ስምሽን ትነግሪናለሽ?» ይሉኛል። ወንድሜ ከአጣናው አጥር ማዶ ሆኖ ይስቃል። ወደ ደሴ የሚወስዱት ቀን ቂጣ ይዤለት ሄድኩ። ቆርሶ ለእኔም ሰጠኝ።

«እማዬ ፊልም አስቆመች አሉ» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ሃምሳ አለቃው መንገድ ላይ ነገረኝ። ጨርሶ ግን አልነገረኝም። ልጁስ? ምን ሆነ?»

የያዝኩትን ቁራሽ አየሁት። በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

«ታረቁ» አልኩት።

«ታረቁ? ከፖሊሱ ጋር?»

«ሽማግሌ ገባ።»

«አንቺ! ነጮች አገር ሽማግሌ አለ እንዴ?»

«አለ» አልኩ። «ባርኔጣ ያደረገ።»

በሳቅ ፍርፍር አለ። ጠባቂዎቹ ዞረው አዩን። ሲስቅ ቆይቶ ዓይኑን በታሰረ እጁ ጠረገ።

«ለእማዬም እንዲሁ ብለሽ ንገሪያት» አለኝ። «አደራ፣ እንዲሁ እንዳልሽኝ።»

ነገርኳት። ወንድሜ ደሴ መግባቱን ሰማን። ከዚያ ያ ሁሉ መዓት መጣ፤ እስረኛ ከዚህ ወደዚያ ተዛወረ፣ ስንቅ ይዘን ስንሄድ «እዚህ የለም» ተባልን፤ ወዴት እንደሄደ የሚነግረን አጣን። ሃምሳ አለቃውም ወደ ጦርነት ተልኮ እዚያው ቀረ አሉ።

እናቴ አሁን ዓይኗ ደክሟል። የወንድሜን ስም አታነሳም፤ እኔም አላነሳም። ክረምት ሲገባ ግን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው፣ ወደ እኔ ዞር ትልና ስለዚያ ወጣት ትጠይቀኛለች።

«ያ ልጅ» ትላለች፣ «ይሄኔ ወልዶ ከብዶ ይሆን?»

«ወልዷል እማዬ» እላታለሁ።

«ስንት?»

በየክረምቱ አንድ እጨምርለታለሁ።