ከእኔ ጋር የማትበላው ጓደኛዬ

ባሌ የተገደለው ክረምት ላይ ነው፤ የፎገራ ሜዳ ውሃ በተኛበት ሰሞን። ውሃው ሲሸሽ ከሩዝ ማሳችን ዳር አገኘነው፤ ከኋላው ተመትቶ ነበር። ሽማግሌዎች አገሩን ሰብስበው አውጫጭ ተቀመጡ። ሁሉም ማለ፤ ገዳዩ አልታወቀም። ልጄ ያኔ ጡት አልጣለም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አደገልኝ።

በሐዘኔ ያልተለዩኝ ሁለት አብሮ አደጎቼ ናቸው። ሦስታችንም የሚካኤል ማኅበርተኞች ነን። አንደኛዋ፣ ጎረቤቴ፣ ከዚያ ክረምት ወዲህ ማኅበር ስንቀመጥ «ጨጓራዬን» እያለች እህል አትቀምስም ነበር። አመንኳት።

አንድ ጊዜ ማኅበሩ ወረታ፣ በሌላዋ ጓደኛችን ቤት ነበር፤ አርፍጄ ደረስኩ። ከበሩ ላይ ሆኜ ጎረቤቴን ሳያት እየጠቀለለች ትጎርሳለች። ቀና ስትል አየችኝ። ያነሳችውን እንጀራ መልሳ አስቀመጠች፤ እጇን ነጠላዋ ሥር ከተተች።

«የዚች ጨጓራ እኮ አንቺን ሲያይ ነው የሚነሳው» አለች ባለቤቲቱ።

ሴቶቹ ሳቁ። ጎረቤቴም ሳቀች። እኔ ነጠላዋ ሥር የተደበቀውን እጇን አየሁ።

በእኛ አገር ደም የተቃቡ ሰዎች ሳይታረቁ ከአንድ ማዕድ አይበሉም። ገዳይም፣ የገዳይ ቤተሰብም ይህን አይደፍርም፤ መቅሰፍቱን ይፈራል። እሷ ደግሞ ከባሏ ሌላ ዘመድ የላትም።

ለማንም አልተነፈስኩም። ልጄ «የአባቴን ገዳይ ባውቀው አላሳድረውም» ይላል። ባሌን ቀብሬአለሁ፤ ልጄን ለጥይት አልሰጥም።

ዘንድሮ የኅዳር ሚካኤል ማኅበር እኔ ቤት ዋለ። ልጄ ወጥ ሲያዞር ጎረቤቴ አጠገብ ደረሰ።

«እትዬ፣ ዛሬም አይቀምሱም?»

«ጨጓራዬ ነው፣ ልጄ።»

«ባለፈው ሐሙሲት ገበያ ላይ ጥብስ ሲበሉ አይቼዎት የለም እንዴ?»

እየሳቀ ነበር። ከዚያ ሳቁን ተወ። ዓይኑ ከእሷ ወደ እኔ መጣ። ማሰብ መጀመሩን አወቅኩ።

እንጀራ ቆርሼ ጠቀለልኩ። «በሚካኤል» ብዬ ወደ አፏ አስጠጋሁት። የከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጣቴ ላይ ተሰማኝ። አፏን ከፈተች፤ ዋጠች። እንባዋ ወረደ።

«በርበሬው ነው» አልኩት ልጄን። «ውሃ ስጣት።»

በማግስቱ ሩዝ ልናጭድ ወጣን። የጎረቤቴ ባል ማጭዱን ይዞ ድንበራችን ላይ ቆሟል። ከዚያ ክረምት ወዲህ ማሳችንን ረግጦት አያውቅም፤ ሚስቱ ከእጄ መጉረሷን ነግራው ይሆናል።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ» አለው ልጄ።

ጎን ለጎን ሆነው ማጨድ ጀመሩ። እኔ ነዶ መሰብሰቤን ትቼ ከኋላቸው ተከተልኩ፤ ዓይኔን ከሁለቱ ማጭድ ሳልነቅል፣ በልቤ እየጸለይኩ።

እስኪመሽ ድረስ የታጨደው ሩዙ ብቻ ነው። ተመስገን።