የእናቴ ቦይ

ቬኒስን በጀልባ ስንጎበኝ አስጎብኚው በራቸው ውሃው ላይ የሚከፈት የጥንት መኳንንት ቤቶችን ያሳየን ነበር። መስኮቶቻቸው እንደ ጥልፍ ተፈልፍለዋል። ወደ አንድ ጠባብ ቦይ ስንታጠፍ ግን የረጠበ ጭቃ ሸተተኝና ልቤ ሸዋ ሮቢት ገባ።

አባቴ በሞተ በዓመቱ ነው። የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍሉት ጋሼ ይማም በእኛ ተራ ውሃውን ለጎረቤት ማሳ ለቀቁት። ሽንኩርታችን በሙቀቱ ጠውልጎ ተኝቷል። እናቴ እጄን ይዛ ቦዩ ድረስ ሄደች።

"ዘሀራ፣ ወንድ የሌለበት ቤት እርሻ ምን ያደርግለታል? መሬቱን ለሌላ ስጪው" አሏት።

"ጋሼ፣ እኔ የቀበርኩት ባሌን ነው። መሬቴን አልቀበርኩም።"

መሬት እንዴት ይቀበራል ብዬ ሳስብ፣ እናቴ ከነቀሚሷ ቦዩ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ወደ ጎረቤት የሚሄደው ውሃ በጀርባዋ ተዘግቶ ወደ እኛ ማሳ መመለስ ጀመረ።

"ውጪ!" ብለው ጮኹባት።

"ወላሂ አልወጣም! ከፈለጉ ይጎትቱኝ።"

ጩኸቱን የሰሙ ገበሬዎች ተሰበሰቡ። እኔ ዳር ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ።

"አታልቅሺ፤ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ" አለችኝ። ገባሁ። ውሃው እስከ ደረቴ ደረሰ። ባሏ የሞተባትን ሴት ከነልጇ በሰው ፊት ለመጎተት ማንም አልደፈረም። ሽንኩርቱ ጠጥቶ እስኪጠግብ አልተነሳንም። ከዚያ ወዲህ ተራችንን የነካ የለም።

"በአገርሽ እንዲህ ያለ ቦይ አለ?" አለኝ አስጎብኚው ፈገግ ብሎ።

"አለ" አልኩት። "እኔና እናቴ ገድበነው እናውቃለን።"