አሜን ያሉት ሸማኔ

ይህን ፎቶ እዩት። ስልካችሁ ላይ አስፉት። ሁለት እጆች፣ በእጆቹ መካከል መወርወሪያ፣ ከሥር የተወጠረ ነጭ ድር፣ ዳሩ ላይ አረንጓዴ ጥለት። የቀኙ እጅ አውራ ጣት ጥፍሩ ለሁለት ተሰንጥቋል። ከክንድ በላይ ግን ምንም የለም። አንገት የለም፣ ፊት የለም። ከሥሩ «የሞጣ የእጅ ሥራ፤ ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ዐሥራ አንድ ሺህ ሰው አይቶታል። ብዙው የልብ ምልክት አስቀምጦ አልፏል። «የሰውየው ራስ የት ሄደ?» ያለ ግን አልተገኘም።

ራሱን የቆረጠችው ወይንእሸት ናት፤ ቢቸና ተቀምጣ በቴሌግራም የሐበሻ ቀሚስ የምትሸጠው። እጆቹ የአባቷ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ከዐሥር ዓመት በፊት ነው። ኮሌጅ ልትማር ከሞጣ መጥታ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐና ደግሞ ተከራይን ከወለዱት የማይለዩ ሴት። በመጀመሪያው ቀን ምሳ አቀረቡላትና «አባትሽ ምን ይሠራሉ፣ ልጄ?» አሏት። በጥያቄው ውስጥ ክፋት አልነበረም። ወይንእሸት ግን ስድስተኛ ክፍል ሳለች ሞጣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ «ሂጂ ወዲያ፣ አንቺ የቁጢት በጣሽ ልጅ!» ብሎ የጮኸባት ልጅ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። ቁጢት በጣሽ የምንለው ሸማኔውን ነው። ዕርቃናችንን ለሸፈነልን ሰው ያወጣንለት ስም ይህ ነው፤ ደግሞ አናፍርም!

«ሞተዋል» አለች።

እናቷ በእርግጥ ሞተዋል። አባቷን በእናቷ ላይ ደረበቻቸው። ወይዘሮ ወለተ ሐና አቅፈዋት አለቀሱ፤ እንባቸውን ሳይጠርጉም «የክርስትና ስማቸውን ንገሪኝ። የኔታ በሙት ዓመታቸው ያስቡልሻል» አሏት። ዋሾም ቢሆን የሚፈራው ነገር አለው፤ በክርስትና ስም መዋሸቱን ፈራች። «ኃይለ ጊዮርጊስ» አለች። ቀኑንም ሲጠይቋት አፏ ላይ የመጣላትን ሚያዝያ ሃያ አምስትን ሰጠች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ አምስት ቀን ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ «ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን» ይባላል። በዚያው ሰዓት አቶ ጓዴ፣ በክርስትና ስማቸው ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ሞጣ ላይ እግራቸውን የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ሰደው መወርወሪያቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ይልካሉ።

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። በዚህ ስንት ዘመን ስንስቅባት ኖረናል። በቅሎ ግን አባቴ ሞቷል አላለችም።

ኮሌጁን ስትጨርስ ሥራ ሲጠፋ በስልኳ መነገድ ጀመረች። ዕቃው ስጦታው ከሚባል የአዲስ አበባ ነጋዴ ይመጣላታል። ከባሕር ማዶ የሚገባ፣ ጥለቱ በማሽን የታተመ ጨርቅ ነው፤ እሷ በልክ አሰፍታ ትልካለች። ማስታወቂያዋን አንብቡት፦ «እንደ ሽመና አይከብድ፣ እንደ ሽመና አይጨማደድ!» ይህን የጻፈችው የሸማኔ ልጅ ናት። በዚህ ዓረፍተ ነገር ሁለት ዓመት እንጀራ በላችበት።

አንድ ጧት ስጦታው ደወለ።

«ወይንዬ፣ የድሮውን ዋጋ እርሺው።»

«ደግሞ ምን መጣ?»

«ዶላሩ ወጣ። ቀረጡ የሚሰላው በእሱ ላይ ነው፤ አብሮት ወጣ። እኔ ላይ እንዳትጮኺ፤ ጉምሩክ ላይ ጩኺ።»

«ጉምሩክ ቴሌግራም አለው?»

«ቢኖረውም ብሎክ ነው የሚያደርግሽ።»

ሳቀች፤ ስልኩን ስትዘጋ ግን ሳቁ አብሮ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ብዙ የኦንላይን ነጋዴ የሚሠራውን ጅልነት በተራ ሠራችው። መጀመሪያ ዋጋውን ከፎቶው ሥር አጠፋችና «በውስጥ መስመር» አለች። ሰው ይጠይቃል፣ ትነግረዋለች፣ ከዚያ ዝም ይላል። ቀጥላ ከቀሚሱ ስፋት ግማሽ ሜትር ሰረቀች። አንዲት የአምበር ከተማ ሴት «እህቴ፣ ይህ የኔ ነው ወይስ የታናሽ እህቴ?» ብላ መለሰችላት። ቀጥላ ረከስ ያለውን ጨርቅ አመጣች፤ በአንድ እጥበት ጥለቱ ከውሃው ጋር ሄደ። ገዢውን ብታታልል፣ ጨርቁን ብታሳጥር ቀረጡ እንደሆነ አይቀንስ! ዕቃው ከውጭ እስከመጣ ድረስ ዋጋው በእጇ አልነበረም። ይህን ለማወቅ አምስት ወር ፈጀባት።

ያወቀችውም በራሷ አይደለም። የመሪጌታ ልጅ ጸደንያ ናት ያሳወቀቻት። ጸደንያ በጥር ልታገባ ነበር።

«ለእኔም ለአምስቱ ሚዜዎቼም የምታለብሺን አንቺ ነሽ» አለቻት። «ግን ያንን ሲታጠብ የሚያለቅስ ጨርቅሽን አላደርግም። ሸማ ነው የምፈልገው።»

«ሸማ ከየት አመጣለሁ?»

«አንቺ፣ ሞጣ ተወልደሽ አንድ ሸማኔ አታውቂም?»

ወይንእሸት የጫማዋን ጫፍ አየች። «አንድ አውቃለሁ» አለች።

ሞጣ ወረደች። አቶ ጓዴ ልጃቸው ከፋሲካ ሌላ ቀን ስትመጣ ያዩት በስንት ዓመቱ ነው። «እሰይ! ልጄ ደንበኛ ሆና መጣችልኝ!» አሉ። ስለ ቀረጡ ስታወራላቸው እግራቸውን ከጉድጓዱ ሳያወጡ ሳቁ።

«ቀረጥ እዚህ ጉድጓድ አይገባም፣ ልጄ። የሚያብረቀርቀው የጥለት ክር ነው ከውጭ የሚመጣው፤ እሱን እንተወው። የአገር ጥጥ ክር ቀለም አግብቼ እሠራልሻለሁ። አንድ ነገር ግን ስሚኝ። ሸማ ዛሬ አዝዞ ነገ የለም። ድሩን ሳልወጥር ሰዉ ይዘዝ፣ ቀብድ ያስይዝ፣ ይጠብቅ። መጠበቁን ያወቀ ሰው ሲረከብ አይነዘንዝሽም።»

ይኸውላችሁ። እሷ በየንግድ ስልጠናው ስትፈልገው የኖረችው ዕውቀት እቤቷ ተቀምጦ ነበር። ያን ቀን ሲሠሩ ፎቶ አነሣቻቸው። ስትመለስ ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ሳይደርስ ፊታቸውን ቆርጣ ጣለችው።

ሸማው ሲያልቅ «ለሾፌር ይስጡልኝ» ብላ ደወለች። አቶ ጓዴ ግን የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። የሙሽራ ሸማ በሾፌር አይላክም። ሸማኔው ራሱ ይዞት ሄዶ በሙሽራዋ እናት ጭን ላይ ይዘረጋዋል፣ ጉድለት ካለው እዚያው ይነገረዋል፣ ተመርቆ ይመለሳል። ይህን ሕግ ወይንእሸት በልጅነቷ መቶ ጊዜ አይታዋለች። ግን ስላፈረችበት ረሳችው።

እሷ ግቢው ውስጥ የሚዜዎቹን ወገብ ስትለካ በሩ ተንኳኳ። ቢቸና ላይ የመሪጌታን ቤት የማያሳይ የለም። አቶ ጓዴ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጥቅላቸውን ታቅፈው ገቡ።

«እንደምን ዋላችሁ፣ ቤቶች?»

ልጃቸውን አዩአት። ፈገግታ ከዓይናቸው ጀመረ። ወይንእሸት ፈገግታው ከንፈራቸው ሳይደርስ ቀደመችው።

«ሸማኔው ናቸው» አለች። «ከሞጣ።»

ፈገግታው እዚያው ቀረ። ሽማግሌው ቀስ ብለው ሄደው ሸማውን በወይዘሮ ወለተ ሐና ጭን ላይ ዘረጉት። ጸደንያ እልል አለች። ወለተ ሐና ጥለቱን በጣታቸው እየተከተሉ «ኧረ አንቱ፣ ይህን የሠሩት በእጅዎ ነው በመልአክ?» አሉ።

«በእጄ ነው እመቤቴ። መልአክማ ጥፍሩ አይሰነጠቅም።»

ሁሉም ሳቀ። መሪጌታ ከተቀመጡበት ተነሥተው ቀረቡ። «እጅዎ ይባረክ። የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝና በጸሎቴ ላስብዎ።»

«ኃይለ ጊዮርጊስ ነኝ፣ የኔታ።»

«እሰይ! የዚች የልጃችን አባትም ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ። እሳቸውም የሞጣ ሰው። ዘጠኝ ዓመት ሙት ዓመታቸውን አውጥተንላቸዋል። ነፍሳቸውን ይማር።»

«አሜን» አለ የግቢው ሰው ሁሉ።

ሽማግሌው ልጃቸውን አላዩም፤ ሸማውን አዩ። ዳሩ ላይ ያልነበረ ክር የለቀሙ መሰሉ።

«አሜን» አሉ።

ምሳ ቢባሉ መኪና ያመልጠኛል ብለው ወጡ። ወይንእሸት ሜትሯን እንደያዘች እስከ በሩ ተከተለቻቸው። «አባዬ» አለች በሹክሹክታ። ዘወር ሳይሉ «ግቢ። ሰው ያይሻል» አሏት።

ሠርጉ አማረ። ሙሽራዋንና ሚዜዎቿን ያየ ሁሉ «የት ነው ያሠራችሁት?» ይል ጀመር። ትእዛዝ ከሮብ ገበያ ከተማ መጣ፣ ከአማኑኤል ከተማ መጣ፣ ከአዲስ አበባ መጣ። ወይንእሸት አባቷ እንደነገሯት ቀብድ ተቀብላ ታስጠብቃለች። ስጦታው ሲደውል «አሁን ከጉምሩክ ጋር ተኳርፈናል» ትለዋለች። አቶ ጓዴም ይሠራሉ፤ አንድም ቀን አላሳለፉባትም። ሸማውን ግን ለሾፌር ይሰጡታል። በስልክም «ስንት ክንድ? ለመቼ?» ብቻ ነው። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ሚያዝያ ሃያ አራት ደረሰ። ወለተ ሐና ደጅ ተቀምጠው ለንፍሮው ስንዴና ባቄላ ይለቅሙ ነበር። «ነገ የአባትሽ ቀን ነው» አሏት።

«እትዬ፣ ይተዉት።»

«ምኑን?»

«ንፍሮውን ይተዉት። አባቴ አልሞቱም።» አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። «ያ ሸማኔ… አባቴ ናቸው።»

በወለተ ሐና እፍኝ ውስጥ የነበረው ስንዴ ፈሰሰ። ወይንእሸት ይቆጣሉ፣ ይረግሙኛል ብላ ጠበቀች። ሴትዮዋ ግን ሸማው የተዘረጋበትን ቀን እያስታወሱ ነበር፤ ከዚያ በሁለት እጃቸው ጭናቸውን መቱ።

«አሜን አሉ እኮ!» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ በገዛ ነፍሳቸው ላይ አሜን አሉ እኮ!»

መሪጌታ ከውስጥ ሰምተው ወጡ። «ስማቸውን ከሙታን ወደ ሕያዋን ማዛወር ለእኔ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ያንቺ ሥራ ሞጣ ነው ያለው» አሉና ተመለሱ።

በማግስቱ፣ በዚያው ንፍሮ ይቀቀልበት በነበረው ቀን፣ ሞጣ ገባች። በአባቷ እግር ላይ እንዳትወድቅ እግራቸው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከች።

«ተነሺ፤ ድሩን ትረግጪዋለሽ።»

አልቅሳ ስትጨርስ «እንደገና ፎቶ ላንሣዎት። ፊትዎን አወጣዋለሁ፣ ስምዎን እጽፋለሁ፣ አባቴ ናቸው ብዬ ለሁሉም አሳያለሁ» አለች።

መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ።

«ፊቴን ተይው። የሞተ ሰው ፎቶ አይነሣም።» እንደገና ሄደ፣ ተመለሰ። «ስሜን የፈለገ ይጠይቅሽ። የጠየቀሽ ቀን ትነግሪዋለሽ። ሳይጠይቁሽ ለገበያ ብለሽ እንዳትለጥፊኝ።»

ይኸው ከሚያዝያ እስከ ዛሬ ኅዳር ነው። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ብድግ ትላለች። «ዋጋው ስንት ነው?» «ቅናሽ አለው?» «ቀይ ጥለት አለሽ?» ዐሥራ አንድ ሺህ ሰው! እሷስ አባቷን ስለሸጠች ታፍራለች። እኛ ሸማውን ለብሰን፣ ራስ የሌለውን ሰው አይተን፣ ዋጋ ብቻ ጠይቀን ያለፍነውስ?

ፎቶው አለ፤ ስልካችሁም እጃችሁ ላይ ነው። ዛሬውኑ ጻፉላት። ዋጋውን ኋላ ትደርሱበታላችሁ። አስቀድማችሁ «ይህን የሠሩት ሰው ስማቸው ማን ነው? የማንስ አባት ናቸው?» ብላችሁ ጠይቋት።