የደራው ኬላ የሰማው ድምፅ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ናዝሬት ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። ዛሬም መኪና ባስነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሰው በገዛ ጆሮው የሰማውን "አልሰማህም" ሲባል እንዴት እንደሚያብድ ያየሁት ያን ሰሞን ነው።

መሥሪያ ቤቱ አዲስ ፒክአፕ ገዝቶ አስረከበኝ። የስድስት ወር ጋራንቲ አላት። ምርጥ ዘር እየጫንኩ ወደ ደራና ወደ አሰላ እመላለሳለሁ። አምስተኛው ወር ላይ ሞተሯ ማንኳኳት ጀመረ። ቋ! ቋ! ቋ! ይልና ትንሽ ከተጓዝኩ በኋላ ዝም።

የሸጠልን ድርጅት ጋራዥ ለቢሮአችን ቅርብ ነው። ወሰድኳት። መካኒኩ አስነስቶ አዳመጠና "ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው" አለኝ። ደግሜ ወሰድኳት፤ ያው ነው። "ከከተማ አውጥተን እንሞክራት" ስለው "ነዳጅ በኩፖን እየተሰፈረ ላንተ ሽርሽር?" አለኝ። በሦስተኛው ጊዜ የጋራዡ ኃላፊ "ጓድ፣ ድምፁ ያለው አንተ ጆሮ ውስጥ ነው፤ ሐኪም ጋ ሂድ" ብሎ መካኒኮቹን አሳቀብኝ። ደሜ ፈላ።

ለእኔ ግን ቀልድ አልነበረም። ከእኔ በፊት አንዱ ሾፌር ሞተር ነክሶ አልነሳ ብሎት "አሻጥር ነው" ተብሎ ታስሯል። የእኔም አለቃ "ጋራንቲው ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂው አንተ ነህ" ብሎኛል። ሚስቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። እህል አልበላ አለኝ። የጎረቤት በር ሲንኳኳ እንኳ እደነግጣለሁ።

ጋራንቲው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወደ ደራ ተላክኩ።

ደራ ላይ ኬላ ነበር። እዚያ የሚቆመው ሽበታም ሚሊሻ ጥርሱን የነከሰብኝ ነበር የሚመስለኝ። ሌላውን እያየ ያሳልፋል፤ እኔን "ሞተር አጥፋ!" ይልና ጭነቱን ጆንያ በጆንያ ይበረብራል። ስንት ጊዜ በሆዴ ረግሜዋለሁ! የዚያን ቀንም አስጠፋኝ፤ በረበረ፤ "ሂድ" አለኝ። ሳስነሳ ቋ! ቋ!

"ቁም! ኮፈኑን ክፈት!"

በቃ አለቀልኝ አልኩ። ሞተሩ ውስጥ ዕቃ የደበቅኩ መስሎታል ብዬ እየፈራሁ ከፈትኩለት። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ማዳመጥ ጀመረ።

"ይቺ መኪና ስትመጣ ዝም ትላለች" አለኝ። "እኔ አስጠፍቻት ስትነሳ ነው የምታንኳኳው። ሁሌም እንዲህ ናት። ለምን አታሳያትም?"

ክው ብዬ ቀረሁ። እውነቱን እኮ ነው! ፍተሻውን ስፈራ እኔ ልብ አላልኩትም። ጋራዥ የምወስዳት ደግሞ ከቢሮ፣ ሞተሯ ሳይሞቅ ነው። የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩለት።

"ማን ያምነኛል፣ ጓድ?" አልኩት።

የይለፍ ወረቀቴን ተቀብሎ ገለበጠው። መሠረተ ትምህርት ላይ በለመዳት ፊደል፣ እስክሪብቶውን እየተጫነ ጻፈ፦ "ሞተሩ ግሎ ከጠፋ በኋላ ሲነሳ ያንኳኳል። ብዙ ቀን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።" ከሥሩ የኬላውን ማኅተም መታበት።

በማግስቱ ወረቀቷን ለጋራዡ ኃላፊ ሰጠሁት። ማኅተሟን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ሞተሩን አሞቁት፣ አጠፉት፣ አስነሱት። ቋ! ቋ! ቋ! ያንን አስቀያሚ ድምፅ ስሰማ እልል ማለት ነው የቀረኝ። ሲፈታ የዘይት ፓምፑ ከፋብሪካ ጀምሮ ብልሽት ነበረበት። በጋራንቲው ተቀየረ።

በሚቀጥለው ጉዞዬ ኬላው ጋ ስደርስ "ሞተር አጥፋ!" አለኝ እንደ ልማዱ። አጠፋሁ። ጭነቱን ግን አልነካም።

"አስነሳ።"

አስነሳሁ። ጆሮውን ጣል አድርጎ ቆየና "ድናለች" አለ።

"ገለቶማ፣ ጋሼ!" አልኩት። በአማርኛ ማመስገኑ ቢያንስብኝ በኦሮምኛ ነው ያመሰገንኩት። የኬላውን ገመድ ለቀቀልኝ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄድኩ፤ ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጄ ስትወለድ እስር ቤት ሳይሆን ሆስፒታል በር ላይ ቆሜ ነበር። አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች፤ አንዳንዴ አብረን ወደ አሰላ እንሄዳለን። ኬላውም ሚሊሻውም ዛሬ የሉም። እኔ ግን ደራ ስደርስ ዳር ይዤ ሞተር አጠፋለሁ፤ መልሼ አስነሳና አዳምጣለሁ።

"ደግሞ ምን ሰማህ፣ አባዬ?" ብላ ትስቅብኛለች።

"ምንም" እላታለሁ። እሷም አጠገቤ አለች፤ ደስ ብሎኝ ጉዟችንን እንቀጥላለን።