የመንኮራኩሯ ካፒቴን

ዛሬ የሰበታ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት በስልኩ ያንን የድሮ የጠፈር ካርቱን ሲያይ ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

ከቪዲዮ ጌም የተሠራ ተከታታይ ፊልም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ልጆች ዲሽ ያላቸው ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ ቤት ተሰብስበን እናየዋለን። ቴሌቪዥኑ ሲግል አቧራ አቧራ ይሸታል። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ ስለነበር አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ግማሹን ግን ከራሴ ነበር የምፈጥረው። አንድ ቅዳሜ ሁላችንም የምንወዳት የመንኮራኩሯ ካፒቴን ፍንዳታ ውስጥ ቀረች።

«አልሞተችም፤ ተደብቃ ነው» አልኩ።

ጌሙን የተጫወተው ብሩክ «ውሸታም፤ ጌሙም ላይ ትሞታለች» አለ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ፊቴ ጋለ።

«አልሞተችም።»

ኦቦ ቱሉ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱ። «እሱ ተጫውቶ አውቋል። አንቺስ በምን አወቅሽ?» አሉኝ።

«እንድትሞት አልፈልግም፣ አባባ።»

«እንግዲያው አንገትሽን አትድፊ፤ ቀና ብለሽ ተናገሪ፣ ልጄ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ካፒቴኗ አንድም ቀን አልታየችም። እኔ ግን የት እንደደረሰች ለልጆቹ በየሳምንቱ እነግራቸው ነበር፤ ብሩክም ሳይቀር ይጠይቀኝ ጀመር።

ዛሬ እንግሊዝኛው በደንብ ይገባኛል። በወጣቱ ስልክ ላይ ፍንዳታው ሊደርስ ሲል ግን ፊቴን ወደ ታክሲው መስኮት አዞርኩ።